የለመድነው ነገር ለምን አይሰማንም?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የሳይንስ ትምህርት ጊዜያችን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ገዛ አካላችን ነው። ቆዳችን፣ አፍንጫችን፣ ዐይናችን፣ ጆሯችንና ደም ስሮቻችን ሳይለወጥ የሚቆይን ነገር እንዴት እንደሚቀበሉት እናያለን። ሦስት ጎድጓዳ ሳህንና ውሃ በአቅራቢያችሁ ካለ አዘጋጁ፤ በመሃል አብረን የምንሠራው ሙከራ አለ።

በጥያቄ እንጀምር። ወጥ ከስሩ ሲያር ቀድሞ የሚሸተው ለማን ነው? ማዕድ ቤት ውስጥ ለቆየው ነው ወይስ ከውጭ ለሚገባው? ብዙ ጊዜ በሩን ከፍቶ ሲገባ «ኧረ ምን አረረ?» የሚለው ከውጭ የመጣው ሰው ነው። ምድጃው አጠገብ የቆመችው ሴት አፍንጫዋ ጤነኛ ነው፤ ሽታው ግን ጥቂት በጥቂት ሲጨምር አብራው ስለቆየች አልታወቃትም። ደግሞ እጃችሁ ላይ ሰዓት ያሰራችሁ፣ መነጽር ያደረጋችሁ፣ ነጠላ የደረባችሁ አላችሁ። አሁን ስሙን እስካነሳው ድረስ ክብደቱ ይሰማችሁ ነበር? ጠዋት ስታደርጉት ግን ቆዳችሁ በደንብ አውቆት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አካላችን ውስጥ ያሉት ስሜት ተቀባዮች አጥብቀው የሚነግሩን ስለ ለውጥ ነው። ስለ ጀመረ፣ ስለ ቆመ፣ ስለ ጨመረና ስለ ቀነሰ ነገር ይነግሩናል። ባለበት የሚቆይ ነገር ሲሆን ግን የሚልኩት መልእክት ይቀንሳል፤ አንዳንዶቹም ጨርሰው ዝም ይላሉ። ይህን መላመድ እንለዋለን። ጥቅሙ ብዙ ነው። ጉዳትም አለው፤ ጉዳቱ የሚመጣው «ካልተሰማኝ የለም» ያልን ጊዜ ነው። የዛሬው ትምህርታችን መነሻና መድረሻ ይኸው ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ስሜት ተቀባይ ምንድን ነው? የነርቭ ጫፍ ነው፤ ወይም ከነርቭ ጋር የተያያዘ ልዩ ህዋስ ነው። ሥራው የመጣበትን ነገር፣ ግፊትም ይሁን ሙቀት፣ ብርሃንም ይሁን ሽታ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት መለወጥ ነው። አንጎላችን በራስ ቅል ተዘግቶ የሚኖር ነው፤ ብርሃን አይገባበትም፣ ሽታም አይደርሰውም። የሚደርሰው በነርቭ በኩል የሚመጣ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ብቻ ነው።

ይህን ምት ከአንድ ነጠላ የነርቭ ክር ላይ ለይቶ በመመዝገብ ቀዳሚ የሆነው እንግሊዛዊው ኤድጋር አድሪያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድናዊው ኢንግቨ ዞተርማን ጋር የእንቁራሪት ትንሽ ጡንቻ ወስደው መሥራት ጀመሩ። ጡንቻው ውስጥ መወጠርን የሚለዩ ጥቂት ስሜት ተቀባዮች አሉ። ሁለቱ ተመራማሪዎች አንድ ስሜት ተቀባይ ብቻ እስኪቀር ድረስ ጡንቻውን እየቆረጡ አሳነሱት። ከዚያ ትንሽ ክብደት አንጠልጥለውበት በነርቩ የሚያልፈውን ምት መዘገቡ።

ያገኙት ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ክብደቱ ቢጨምርም ቢቀንስም የእያንዳንዱ ምት መጠን አይለወጥም። ሁለተኛ፣ ክብደቱ ሲጨምር በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፉት ምቶች ይበዛሉ። ነርቭ ስለ ጥንካሬ የሚናገረው በምቶቹ ብዛት ነው ማለት ነው። ሦስተኛው የዛሬ ጉዳያችን ነው፤ ክብደቱ ሳይነካ እንደተንጠለጠለ ቢቆይም ምቶቹ ጊዜው በገፋ ቁጥር እየተራራቁ ይሄዳሉ። እስቲ አዳምጡ።

(ድምፅ፦ ፈጣን ጠቅታ፤ ቀስ በቀስ እየተራራቀ ይሄዳል፤ ለጥቂት ሰከንድ)

የሰማችሁት ስቱዲዮ ውስጥ ያዘጋጀነው ማሳያ ነው እንጂ የእንቁራሪቱ ነርቭ አይደለም። አድሪያን ራሱ ግን ኋላ ላይ በሠራቸው ሙከራዎች የነርቭን ምት ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ በጆሮው ይከታተል ነበር። ለዚህ ሁሉ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1932 ከቻርልስ ሼሪንግተን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ዝምታው ሁልጊዜ ከስሜት ተቀባዩ አይመጣም። የፍሪጅ ድምፅን አስቡ። ጆሯችን ድምፁን መላኩን ሳያቋርጥ አንጎላችን ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ሊቀር ይችላል። ልባችንን ሰብስበን ብናዳምጠው ወዲያው ይሰማናል። ስሜት ተቀባዩ ራሱ ሲላመድ ግን አንጎል ቢፈልግም የሚያገኘው መልእክት አነስተኛ ነው። በኑሯችን ውስጥ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደራርበው ይሠራሉ።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቆዳችን እንምጣ። ቆዳችን ውስጥ ንክኪን የሚለዩ ልዩ ልዩ ስሜት ተቀባዮች አሉ። ቶሎ የሚላመዱ አሉ፤ ቀስ ብለው የሚላመዱም አሉ። ቀስ ብለው ከሚላመዱት መካከል የመርከል ህዋሳት የሚባሉት በጣታችን ጫፍ በብዛት ይገኛሉ። ብዕር ይዘን ስንጽፍ፣ መርፌ ይዘን ስንሰፋ፣ ጣታችን ላይ ያለው ግፊት እስካለ ድረስ ምት መላካቸውን ይቀጥላሉ። እነሱ ባይኖሩ ብዕሩ ከእጃችን መኖሩን ለማወቅ ደጋግመን ማየት ይኖርብን ነበር።

ቶሎ ከሚላመዱት ውስጥ ደግሞ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1831 ፒስቶያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ፊሊፖ ፓቺኒ የሚባል ወጣት የህክምና ተማሪ የሰው እጅ እየቀደደ ሲያጠና በነርቮቹ ላይ ትንንሽ ሞላላ ነገሮች አየ። ርዝመታቸው ወደ 1 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ በባዶ ዐይን ይታያሉ። ዛሬ በስሙ የፓቺኒ አካላት ይባላሉ። ይህ ሰው ኋላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1854፣ የኮሌራን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አይቶ የገለጸ ሰው ነው።

የፓቺኒ አካል ለሁለት ቢሰነጠቅ ውስጡ እንደ ቀይ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ስስ ገለፈቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ በመካከላቸው ፈሳሽ ይዘው፣ እምብርቱ ላይ ያለችውን አንዲት የነርቭ ጫፍ ይከብቧታል። ቆዳው በድንገት ሲጫን ግፊቱ ገለፈቶቹን አልፎ ነርቩ ዘንድ ይደርሳልና ምት ይነሳል። ግፊቱ ባለበት ሲቆይ ግን በመካከል ያለው ፈሳሽ ቦታ ይለዋውጣል፤ ገለፈቶቹም ይደላደላሉ። ነርቩ ላይ የነበረው ጫና በሰከንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ይነሳለታል፤ ምቱም ይቆማል። የሚገርመው ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ግፊቱን ስናነሳ ገለፈቶቹ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ሲመለሱ ነርቩ እንደገና ይነካና ሌላ ምት ይልካል። ስለዚህ የፓቺኒ አካል «ተነካ» እና «ተለቀቀ» ብሎ ይናገራል፤ በመካከል ስላለው ጊዜ ግን የሚለው ነገር የለም።

ገለፈቶቹ ይህን ሥራ መሥራታቸው በምን ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1965 ወርነር ሎቨንስታይን የሚባል ተመራማሪና ባልደረባው ገለፈቶቹን አንድ በአንድ ልጠው ነርቩን እርቃኑን አስቀሩት። ያን ጊዜ ነርቩ ጫፍ ላይ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ለውጥ ግፊቱ እስካለ ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ይሁን እንጂ የነርቩ ክር አሁንም አንድ ሁለት ምት ልኮ ዝም አለ። መላመዱ በሁለት ቦታ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ በገለፈቶቹም፣ በነርቩም።

ይህ ስሜት ተቀባይ ያለ ማቋረጥ የሚሠራው ለንዝረት ነው፤ ምክንያቱም ንዝረት ሁልጊዜ ለውጥ ነው። በሰከንድ ከ200 እስከ 300 ጊዜ ለሚርገበገብ ነገር ደግሞ በጣም ንቁ ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለው ሞባይል ሲነዝር ቶሎ የሚታወቀን፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን የምንረሳው በዚህ ምክንያት ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ሳህኖቹን አቅርቡ። በአንደኛው ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሦስተኛው ለእጅ የሚመች ሙቅ ውሃ አድርጉ፤ እንዳያቃጥል በክርናችሁ ቀድማችሁ ፈትኑት፤ ልጆች ካሉ ውሃውን የሚያሞቀው አዋቂ ይሁን። በመካከለኛው ሳህን ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። አሁን ቀኝ እጃችሁን ሙቁ ውስጥ፣ ግራ እጃችሁን ቀዝቃዛው ውስጥ ክተቱና ለሁለት ደቂቃ ያህል ቆዩ።

(ሙዚቃ፤ ለጥቂት ጊዜ)

እሺ፤ ሁለቱንም እጃችሁን አውጡና በአንድ ጊዜ መካከለኛው ሳህን ውስጥ ክተቱ። ምን ተሰማችሁ? ቀኝ እጃችሁ «ውሃው ቀዝቃዛ ነው» ይላል፤ ግራ እጃችሁ «ሙቅ ነው» ይላል። ውሃው አንድ፣ ባለቤቱም አንድ፣ ምስክርነቱ ግን ሁለት ነው። ይህን ነገር እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንስቶት ነበር። ቆዳችን ውስጥ ሙቀትን የሚለዩና ቅዝቃዜን የሚለዩ ስሜት ተቀባዮች ለየብቻ አሉ። ሙቅ ውሃ ውስጥ የቆየው እጅ ያንን ሙቀት ለምዶታል፤ ከዚያ ያነሰ ሁሉ ለሱ ቅዝቃዜ ነው። ሌላኛው እጅ ተቃራኒውን ለምዷል። ቆዳችን የሚያወዳድረው ከጥቂት ጊዜ በፊት ከነበረው ጋር ነው። የህፃን ገላ መታጠቢያ ውሃን ሳህን ሲያጥብ በቆየ እጅ መፈተን የማይገባው ለዚህ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ዐይናችንም ይላመዳል። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ምንም አይታየንም። ቀስ በቀስ ግን ዕቃዎቹ እየለዩልን ይመጣሉ። ከዐይናችን በስተኋላ ባለው፣ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባዮች አሉ። ለቀለም የሚሠሩት ጨለማውን ለመላመድ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል። ለጭላንጭል ብርሃን የተሠሩት ግን ሙሉ ብቃታቸው ላይ ለመድረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈልጋሉ። ምክንያቱም ሮዶፕሲን የሚባለው ብርሃን የሚቀበለው ንጥረ ነገር በብርሃን ይፈርሳል፤ በጨለማ ውስጥ ደግሞ እንደገና ይሠራል። እሱን ለመሥራት ቫይታሚን ኤ ያስፈልጋል።

ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሰው ስለዚህ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል፤ ዳፍንት የምንለው ህመም ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዕቃ ጋር የሚጋጭ ወይም ደጅ መውጣት የሚፈራ ከሆነ «ፈሪ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ6 ወር እስከ 59 ወር ላሉ ህፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም እንዳያመልጣችሁ። ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ማንጎና ፓፓያ የዚህ ቫይታሚን ምንጮች ናቸው።

ዐይን የሚያሳየን ሌላም ነገር አለ። ሬቲናችን ላይ የደም ስሮች ከብርሃን ተቀባዮቹ ፊት ለፊት ተዘርግተዋል፤ ጥላቸውም ዘወትር ያርፍባቸዋል። አይተነው እናውቃለን? አናውቅም። ጥላው ከዐይን ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ ነው። ሐኪም ዐይናችንን ሲመረምር መብራቱን ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው ግን ጥላው ቦታ ይለውጥና የደም ስሮቹ ቅርንጫፍ ብልጭ ብሎ ይታየናል። እ.ኤ.አ. በ1952 ተመራማሪዎች ምስልን ከዐይን እንቅስቃሴ ጋር አብሮ እንዲሄድ አድርገው ሬቲና ላይ ባለበት አቆዩት። ምስሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እየደበዘዘ ጠፋ። ዐይናችን ትኩር ብሎ ሲያይ እንኳ ሳናውቀው ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ያ ንቅናቄ ባይኖር የምናየው ነገር ከፊታችን ይጠፋ ነበር።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ አፍንጫ እንሂድ። የሽታ ስሜት ተቀባዮቻችን ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነቶች ናቸው። የእነዚህን ተቀባዮች የዘረ መል ቤተሰብ ያገኙት ሊንዳ በክ እና ሪቻርድ አክስል ሲሆኑ፣ ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመው በ2004 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሽታ ሲደርስ የህዋሱ በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየምም ወደ ውስጥ ይገባል። ይኸው ካልሲየም ራሱ ሥራውን ሲጨርስ በሮቹ ለሽታው የሚሰጡትን ምላሽ ያዳክማል። ሽታው በአየር ላይ እያለ እኛ ዘንድ የሚጠፋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዕጣን ሲጨስ ቤት ውስጥ የቆየው ሰው እየረሳው፣ አዲስ የገባው እንግዳ ግን «እንዴት ደስ ይላል!» የሚለው ለዚህ ነው።

የዕጣኑ ሽታ ቢጠፋብን ብዙም አያሳስብም። ቡታጋዙ ግን ሌላ ነገር ነው። ቡታጋዝ በተፈጥሮው ይህን ያህል ሽታ የለውም፤ ቢፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ነው መርካፕታን የሚባል ከባድ ሽታ ያለው ነገር የሚጨመርበት። እዚያው ክፍል ውስጥ ከቆያችሁ ያ ሽታ ሊጠፋባችሁ ይችላል። መጀመሪያ ሸትቷችሁ ኋላ ቢተዋችሁ ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ክብሪት አትጫሩ፤ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ከቻላችሁ ሲሊንደሩን ዝጉና ውጡ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። አለመኖሩን የሚያረጋግጥላችሁ ከውጭ የመጣ ሰው አፍንጫ ነው፤ ከሱም የሚሻለው መመርመሪያ መሣሪያ ነው።

ከሰል ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ አፍንጫችን የሚለይበት ስሜት ተቀባይ ጭራሽ የለንም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ጭሱ አልቆ ፍሙ የቀላ ከሰል «በስሏልና አይጎዳም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ጭሱ ቢያልቅም ጋዙ አለ። በብርድ ወራት ምድጃ አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ጆሮን ሳንነካ አንለፍ። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው «ድምፁን ለምጄዋለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ አንጎሉ ለምዶታል። የጆሮው ህዋሳት ግን ለምደውት አይደለም፤ እየሞቱ ነው። በእያንዳንዱ ውስጣዊ ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉ 15 ሺህ ያህል ህዋሳት አሉ፤ ከሞቱ በሰው ላይ ተተኪ አይበቅልላቸውም። ድምፁ 85 ዴሲቤል ከደረሰና በየቀኑ ለ8 ሰዓት ከቆየ የመስማት ችሎታ አደጋ ላይ ነው። ከሥራ ስትወጡ ጆሯችሁ ጭው የሚል ከሆነ፣ ወይም የሰው ንግግር ታፍኖ የሚሰማችሁ ከሆነ፣ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። የጆሮ መከላከያ አድርጉ፤ በየመሃሉም ከድምፁ ራቁ።

የማይላመድ ስሜትም አለ፤ ህመም ነው። ቁስል ሰዓታት ባለፉ ቁጥር እየለመድነው ሊሄድ ሲገባ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠዘጥዛል። በተጎዳው ቦታ የሚመነጩ እንደ ፕሮስታግላንዲን ያሉ ንጥረ ነገሮች ህመም ተቀባዮቹን የበለጠ ንቁ ያደርጓቸዋል። አስፕሪን የሚያስታግሰው የነዚህን ንጥረ ነገሮች መመረት ስለሚገታ መሆኑን ሳይንቲስቱ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቷል።

ከህመም ተቀባዮች ውስጥ ለየት ያለ ጠባይ ያለው አንድ አለ፤ የበርበሬና የሚጥሚጣ ጉዳይ ስለሆነ እኛን ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ነርቭ ላይ ያለውን፣ የቃሪያን ማቃጠል የሚቀበለውን በር አገኙ። ይኸው በር ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ለሆነ ሙቀትም ይከፈታል። ሚጥሚጣ ሳይሞቅ «የሚያቃጥለን» ስለዚህ ነው። በቃሪያ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን በሩን ደጋግሞ ሲከፍተው ነርቩ ምላሹን ይቀንሳል። ከልጅነቱ በርበሬ የለመደ ሰው ሳይጨነቅ የሚበላውን ወጥ እንግዳ ሰው እንባ እያፈሰሰ የሚበላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በህክምናም ካፕሳይሲን በቅባትና በሚለጠፍ መልክ ለነርቭ ህመም ማስታገሻ ይውላል። ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ፓታፑቲያን ቤይሩት ተወልዶ ያደገ ሲሆን ንክኪና ግፊትን የሚቀበሉትን በሮች ያገኘው ሳይንቲስት ነው።

ህመም ቢጠፋ ጥሩ ነው የሚል ካለ ስጋ ደዌ የህመም ስሜታቸውን ያጠፋባቸውን ህሙማን ይጠይቅ። ሐኪሙ ፖል ብራንድ ህንድ ውስጥ ሲሠራ የዛገ ቁልፍ አልዞር ብሎት አንድ ታካሚ ልጅ ተቀብሎ አዞረለት። ዶክተሩ የልጁን ጥንካሬ ሲያደንቅ ደም ሲንጠባጠብ አየ። ቁልፉ የልጁን ጣት እስከ አጥንቱ ቆርጦት ነበር፤ ልጁ ግን አልተሰማውም። ብራንድ ጣት የሚያሳጣው ባብዛኛው ህመም አለመሰማቱ መሆኑን ያሳየው እንዲህ ካሉ ነገሮች ተነስቶ ነው። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የተቋቋመው አለርት የተመሠረተው ለስጋ ደዌ ህክምና፣ ለተሃድሶና ለባለሙያዎች ስልጠና ነው። የስኳር ህመም ያለባቸውም እግራቸው ሊደነዝዝ ስለሚችል በየቀኑ እግራቸውን በዐይናቸው ማየት፣ ጫማቸውንም ከማጥለቃቸው በፊት በእጃቸው መፈተሽ አለባቸው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

በመጨረሻ ከማናያቸው ስሜት ተቀባዮች አንዱን እናንሳ። አንገታችን ውስጥ ባሉት ትላልቅ ደም ቅዳ ቧንቧዎችና ከልብ በሚወጣው ዋናው ቧንቧ ግድግዳ ላይ የደም ግፊትን የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ከተኛንበት ስንነሳ ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ምታቸው ይቀንሳል፤ አንጎልም ልብን ያፋጥናል፤ የደም ስሮችንም ያጠባል። ግፊቱ ሲወጣ ደግሞ ምታቸው ይጨምራል፤ ልብም ዝግ ይላል። ሥራቸው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚከናወን ነው።

ግፊቱ ከፍ ብሎ እዚያው ሲቆይስ? እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ማክከቢን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የደም ግፊታቸው ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ በቆየ ውሾች ላይ መረመሩት። ስሜት ተቀባዮቹ ከፍተኛውን ግፊት እንደ ትክክለኛ ቆጥረው በዚያው ልክ እየሠሩ አገኟቸው። ምት የሚጀምሩበት መጠን ወደ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ወደ ቀድሞው ለመመለስ መሞከራቸውን ትተው አዲሱን ከፍታ ይጠብቃሉ።

«ግፊቴ ሲጨምር ይታወቀኛል» የምትሉ አድማጮች እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ የደም ግፊት ህሙማን መካከል ግማሽ ያህሉ ህመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። ራስ ምታት የለብኝም፣ አላዞረኝም ማለት ግፊት የለብኝም ማለት አይደለም። መድኃኒት ጀምራችሁ «አሁን ደህና ነኝ» ብላችሁ ያቋረጣችሁም ካላችሁ፣ ደህና መሆናችሁን የሚናገረው ስሜታችሁ ሳይሆን መለኪያው ነው፤ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትተዉት። ስትለኩ አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ አርፉ፤ ክንዳችሁ በልባችሁ ትይዩ ይደገፍ። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ህክምና ሂዱ።

ትምህርታችንን ለመከለስ ሦስት ጥያቄዎች አሉን፤ በቤታችሁ ተወያዩባቸው። አንደኛ፣ አድሪያን ያገኛቸው ሦስት ነገሮች ምንና ምን ናቸው? ሁለተኛ፣ የፓቺኒ አካል ግፊቱ ሲነሳ ለምን እንደገና ምት ይልካል? ሦስተኛ፣ በራሳችሁ ቤት ወይም ሥራ ቦታ የለመዳችሁት፣ ግን ሊጎዳችሁ የሚችል ነገር ምንድን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች መልስ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናቀርባለን። የሦስተኛውን መልስ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ አካላችን ለውጥን ለመንገር የተዋጣለት ነው፤ ባለበት ለሚቆይ አደጋ ግን የሚታመን ምስክር አይደለም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ሂዱና የደም ግፊታችሁን ተለኩ፤ ስትሄዱም ዕድሜያቸው ገፋ ያለ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሰላም አምሹ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)